አዞቶ ያጣው የጌጤ ጓሮ

ጥልያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከምሽጉ በታች ያለው የጌጤ ጓሮ ለፈረንጅ ቃጫ ተመረጠ። የመረጠውን ሰው ዶቶሬ ይሉታል። ዶቶሬ ሲባል ሐኪም መስሏቸው ወገባቸውን የሚያማቸው ሁሉ ደጁን ሞልተውት ነበር፤ እሱ ግን ሐኪምም አይደል፣ ገበሬም አይደል። አባቱ በአገሩ ገመድ ይፈትላል፤ እሱ ደግሞ ሥዕል ያለባት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለችው። ዕውቀቱ ይኸው ነው። ካናፓ የሚሉት ተክል እዚህ ከበቀለ የመኪና መጎተቻ ገመድ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ይቀራል ብሎ ለአለቆቹ ቃል ገብቶላቸዋል።

ጌጤ ባሏን የቀበረች፣ አንድ በሬ ብቻ ያላት ሴት ናት። በሬዋ ቦራ ይባላል። ከጎረቤቷ ከዘውዱ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን ለሷ፣ አንድ ቀን ለሱ ይታረሳል። ከሁለቱ በሬ አንዱ ከጎደለ የሁለቱም መሬት ጦሙን ያድራል። ይህን ያዙልኝ፤ ሌላው ሌላው ቢያስቅም ይኸ አያስቅም።

ጌጤ የሰጧትን ዘር የችግኝ መደብ ላይ ብትዘራው እንደ ጎመን ችግኝ ፍልቅልቅ ብሎ በቀለ። ወደ ጓሮው የሚዛወርበት ቀን ሲደርስ ዶቶሬ ቦታውን ሊያይ መጣ። የጌጤ ጓሮ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እበትና አመድ ስትደፋበት ኖራለች። ዶቶሬ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ከጎንደር ተቆጣጣሪ ይመጣልና እንዲህ ያለ ቆሻሻ መታየት የለበትም አለ። ወታደር አሰልፎ ያን ጥቁር አፈር አስቧጥጦ ገደል አስከተተው። በቦታውም ከመንገድ ቁፋሮ የወጣ ቀይ አፈር አስነሰነሰና፣ ከእንግዲህ ወደዚህ ጓሮ እበት ያስጠጋ ሰው ይገረፋል ብሎ አወጀ። ጌጤ የሃያ ዓመት ልፋቷ ገደል ሲገባ ቆማ አየች። ምን ታድርግ? ችግኙን ወስዳ ቀዩ አፈር ላይ ተከለችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቃጫው ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የነጡት የታችኞቹ ቅጠሎች ናቸው። ከዚያ ቢጫነቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ አናቱ ላይ ያለችው ለጋዋ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች። ጌጤ እንዳየችው ገባት። ጎመንም ሲርበው እንዲህ ያደርጋል፤ የታችኛው ቅጠል ያለችውን ሁሉ ለላይኛው እየሰጠ እሱ ይነጣል። ውኃ ቢጠማው ሁሉም ባንድነት ይጠወልግ ነበር። ተባይ ቢገባበት ቅጠሉ ይበሳሳ ነበር። ይኸ ራብ ነው፣ ሌላ አይደለም።

የምሽጉ አዛዥ ግን ሴትዮዋ መርዝ ረጭታበታለች አለ። ቦራን ከደጇ አስፈትቶ ወሰደና ምሽጉ ውስጥ አሰረው። ተቆጣጣሪው በሐምሌ መባቻ ይመጣል፤ ያን ቀን ቃጫው አረንጓዴ ሆኖ ካልተገኘ በሬው ለወታደሩ ወጥ ይሆናል ተባለ። የቀራት ሃያ ቀን ነው።

ያስተረጎመላት ጀማል ነው። ጀማል የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው፤ ምጽዋ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ ጥልያንኛ ለምዶ መጥቷል። ነገሩ ስለ ጨርቅ ከሆነ ቋንቋውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ከጨርቅ ከወጣ ግን አላህ ይሁነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ችግሩ አላውቅም የምትለዋን ቃል በየትኛውም ቋንቋ አለማወቁ ነው።

በሬው በተወሰደ በማግሥቱ ዶቶሬ ጓሮው ውስጥ ተንበርክኮ ቅጠል ቆጠረ። መጽሐፉን ገላለጠና ቢጫ ቅጠል የተሣለበትን ገጽ ሲያገኝ ፊቱ በራ። አዞቶ፣ አለ። ጣቱን እያወዛወዘ፣ አዞቶ የለውም፣ አዞቶ አጥቷል። ሁሉም ጀማልን አየ። ጀማል አዞቶ የሚባል ጨርቅ ሸጦ አያውቅም። ላብ አጠመቀው።

"ተክሉ አዞ ጎድሎታል ነው የሚሉት" አለ በመጨረሻ።

ጌጤ ጆሮዋን ተጠራጥራ አስደገመችው። አዎ፣ አዞ፤ የአባይ በረሃው፣ ባለ ጥርሱ። ጀማል ራሱም አላመነምና ወደ ዶቶሬ ዞሮ ነገሩ ከእንስሳ የሚገኝ እንደሆነ ጠየቀው። ዶቶሬ ደስ ብሎት እንዴታ አለ፤ ከደሙ ይገኛል፣ ከአጥንቱ ይገኛል፣ ከቀንዱም ይገኛል። ቀንድ የሚለው ላይ ጀማል ትንሽ ቅር አለው። ግን አዞ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ይኖረው ይሆናል ብሎ አለፈው።

"ጀማል፣ አደራህን እንዲህ በልልኝ" አለች ጌጤ። "ይኸ ተክል ርቦታል። የሚፈልገው እበት ነው።"

ጀማል በእጁ አፉን ያዘ። እበት ባወገዘ ሰው ፊት እበት ብዬ ልገረፍልሽ ወይ፣ እትዬ ጌጤ፣ አላትና ሳያስተረጉምላት ቀረ።

የአዞ ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ጀማል በዶቶሬ ስም ሐሙሲት ገበያ ድረስ አስለፈፈ፤ አዞ ያለው፣ የአዞ አጥንት የደበቀ፣ ይዞ ይቅረብ። የጣና ዓሣ አጥማጆች እኛ ዘንድ አዞ የለም፣ ጉማሬ ይበቃችሁ እንደሆነ ግን ላኩብን አሉ። አንድ የጉና ሽማግሌ የአዞ ቆዳ አፎት ይዘው በበቅሎ መጡ፤ ጎራዴውን ጥልያን ወስዶባቸው የቀረቻቸው አፎቷ ናት። አፎቷ ከጠዋት እስከ ማታ ስትቀቀል ዋለች። ጌጤ መረቁን ለእያንዳንዱ ችግኝ በጣሳ እየቀዳች አጠጣችው። እያጠጣች እግዜር ያሳያችሁ ትላለች። ቃጫው ይባስ ቢጫ ሆነ፤ ሽማግሌውም ያለ ጎራዴ ያለ አፎት ወደ ጉና ተመለሱ።

ዘውዱ በየቀኑ እየመጣ አጥሯ ሥር ይቀመጣል። አይወቅሳትም፣ አይሰድባትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሐምሌ ሳናርስ ከተጋመሰ ልጆቼን ይዤ ቆላ ነው የምወርድ፣ አላትና ተነሥቶ ሄደ። ጌጤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ለቦራ ጭድ የምትወስድለት እሷው ናት። ወታደሮቹ ሊበሉት ያስባሉ እንጂ ሊያበሉት አያስቡም። አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ጭዱን አቅርባለት አንገቱን እያሻሸች ወደ እግሩ ሥር አየች። እበቱ በሽንቱ ርሶ ተከምሯል። የገደል ሲሳይ የሆነው ጓሮዋ እንደገና እዚህ እየተሠራ ነው፤ ማንም አልጠረገው። ቅርጫቷን ጢም አድርጋ ሞላች፣ ከላይ ጭድ አለበሰችውና መንገድ ጀመረች።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆማት። እጁን በጭዱ ውስጥ ሰደደና እበት ተለቅልቆ አወጣው። አዛዡ ተጠራ፣ ዶቶሬ ተጠራ፣ ጀማልም ከሱቁ እየሮጠ ደረሰ። ጌጤ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። ከጥልያን ቋንቋ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። ዶቶሬን ዓይን ዓይኑን እያየች ወደ ቅርጫቱ ጠቆመች።

"አዞቶ" አለች።

ጀማል ዓይኑን ጨፈነ። ዶቶሬ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። መጽሐፉን አወጣ። እስከ ዛሬ የሚያየው ሥዕሉን ነበር፤ አሁን ጽሑፉን አነበበ። እበቱን አየ፣ እንደገና አነበበ፣ ጆሮው ቀላ። ለካስ ያ አዞቶ የተባለው ቅጠል የሚያለመልም የአፈር ምግብ ነው፤ ከሁሉ በፊትም የሚገኘው ከበሬ እበት ነው። ይህንንስ ለአዛዡ እንዴት ይንገረው? ጥቁሩን አፈር ገደል ያስከተተው እሱ ራሱ ነው። ደረቱን ነፋና ለአዛዡ አስረዳ፤ ይህች ሴት የተሸከመችው እበት አይደለም፣ አዞቶ ነው፤ እበት ክልክል ነው፣ አዞቶ ግን ለመንግሥት ሥራ ያስፈልጋል። ማኅተም ያረፈበት ይለፍ ጻፈላት። ወረቀቱ ላይ አዞቶ ተሸካሚ ይላል።

ጌጤ በየጠዋቱ ያን አዞቶ በውኃ እየበጠበጠች ሥር ሥሩን አጠጣችው። የነጡት የታች ቅጠሎች አልዳኑም፤ እነሱ አይመለሱም፣ ለቅማ ጣለቻቸው። ከላይ የወጡት ግን አምሮባቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ።

ተቆጣጣሪው በተባለው ቀን መጣ። ጓሮውን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ብታደርጉት ነው አለ። ዶቶሬ አዞቶ ነው አለ። አዞቶው ከየት መጣ ሲባል ቦራን አሳዩት። ተቆጣጣሪው ደብተር አውጥቶ ብዙ ጻፈ። ጀማል እየሰማ ቆየና፣ በሬው አይታረድም ብለዋል አላት። ጌጤ እልል ልትል ስትል እጁን አንሥቶ አስቆማት፤ ገና አልጨረሰም። በሬው ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት አዞቶ ማምረቻ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከምሽጉ አይወጣም።

ጌጤ ከወጥ ያተረፈችውን በሬ ለመዝገብ አስረከበችው። ይለፏን፣ ቃጫውን፣ የጥልያንን ዘር ማንዘር በሆዷ ረገመች። ከዚያ የጀማልን ክንድ ያዘች።

"ዛሬ እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ" አለችው። "በሬ አዞቶ የሚሰጠው እያረሰ ነው በላቸው። ካላረሰ ይነጥፋል።"

ጀማል አያት። ውሸት መሆኑን ያውቃል። ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለውን ቃል በቃል አስተረጎመ። ዶቶሬ መጽሐፉን ለማውጣት እጁን ኪሱ ከተተና አዛዡን አየው፤ ገደል ያስከተተው ጥቁር አፈር ትዝ አለውና ባዶ እጁን መልሶ አወጣ። ትክክል ነው አለ። ተቆጣጣሪው ይህንንም ጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ቦራና የዘውዱ በሬ ተጠምደው የጌጤ መሬት ላይ ወጡ። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ፣ ቅርጫት የታቀፈ ወታደር ይከተላል፤ የመንግሥትን አዞቶ እንዲሰበስብ ታዟል። ዘውዱ ሳቁ እየቀደመው እርፉን መጨበጥ አቃተው። በሁለተኛው ትልም ላይ ቦራ ጅራቱን አነሣ። ወታደሩ ቅርጫቱን ይዞ ሮጠ። ጌጤ ቀደመችው። የወደቀውን በእግሯ አፈር አለበሰችና እላዩ ላይ ቆመች።

"ይኸኛው የኔ ነው" አለችው።

አስተርጓሚ አላስፈለገም። ወታደሩ ባዶ ቅርጫቱን ታቅፎ፣ የሚቀጥለውን ሊጠብቅ ወደ በሬዎቹ ኋላ ተመለሰ።