በአንድ እግር የቆሙ ሁለት ወንበሮች

የዊሎው ጎዳናን የበረዶ ሆኪ አዳራሽ የዛሬ ዘጠና ዓመት የሠሩት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ በእንጨት፣ በእረፍት ቀናቸው። መጀመሪያ በረዶ የሚሠራ ማሽን አልነበረውም፤ መስኮቶቹን ከፍተው የካናዳዋን የሰስካችዋንን ብርድ ያስገቡ ነበር። እኔ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና መንዳት ስጀምር ማሽኑ ገብቷል፤ ብርዱ ግን አልወጣም።

በዚያው ዓመት ኦረስት ፔትሪሺን የሚባል የስንዴ ጎተራ ሠራተኛ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጠና ጨዋታው ሳይሟሟቅ፣ «ይሄ በረኛ ነው ወይስ በር? የመጣው ሁሉ ዘው ይላል!» ብሎ ጮኸ።

ሴትየዋ ዞር አለች። «እናቱ ነኝ» አለችና ትኩስ ካካዎዋን ጭኑ ላይ ደፋችበት።

ሶልቬይግ ሃልቨርሰን ትባላለች። ከዚያ ወዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጇ ሆኪውን ትቶ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ባሏ ሞተ፤ የኦረስትም ሚስት ሞተች። ክርክራቸው ግን ጤነኛ ነበር። ቦታ ለምን እንደማይቀይሩ ስጠይቃቸው ሁለቱም፣ «እሱን ጠይቀው!»፣ «እሷን ጠይቃት!» ይሉኛል።

ባለፈው መጋቢት አዳራሹ ሊፈርስ ሲል ደንበኞች ወንበራቸውን እንዲወስዱ ተፈቀደ። ልፈታላቸው ጎንበስ ስል፣ ሁለቱ ወንበሮች ለካ የቆሙት በአንድ የብረት እግር ነው።

«በመጋዝ ልቁረጠው?»

«ቆርጠህ ሁለቱንም ልትጥላቸው ነው?» አለች ሶልቬይግ። «እኔ ቤት ይሄዳሉ።»

«በሕልምሽ!» አለ ኦረስት። «በረዶው ሳይቀልጥ ይለይልን። አንድ ምት። ካገባሁ የእኔ ናቸው። ልጅሽ ያልቻለውን እስኪ አንቺ ሞክሪው።»

«ዱላህን አንሳ፣ አንተ ሽማግሌ!»

በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ጎሉ ፊት ተገተረች። ኦረስት ተንደርድሮ መታና በቂጡ ዘጭ አለ። እንደ ኳስ የምትመታው ጥቁር ጎማ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ሶልቬይግ ዓይኗን ጨፍና ቦርሳዋን ወደፊት ሰነዘረች። ጧ!

«ያዝኳት?» አለች ሳትገልጥ።

«ይዘሻታል!» አልኳት።

«ለልጄ ደውልልኝ!» ከዚያ ኦረስት ከወደቀበት አለመነሳቱን አየችና እየተጠነቀቀች ሄዳ እጇን ዘረጋችለት። «ተጎዳህ?»

«ክብሬ ብቻ።»

ወንበሮቹን ቤቷ አድርሰን ቴሌቪዥኑ ፊት ተከልናቸው። ልሰናበት ስዞር ኦረስት ኮቱን አውልቆ በግራው ወንበር ተቀምጧል።

«ማን ተቀመጥ አለህ?»

«ወንበሮቹን አሸነፍሽ እንጂ እኔ አልተባረርኩም።»

ወደ እግሩ አየች። «እንግዲያው ጫማህን አውልቅ፤ ምንጣፌን አራስከው!»

አወለቀ። በቴሌቪዥኑ ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ እነሱ ግን ስለ በረኛው መጨቃጨቅ ጀምረዋል።