በእጇ የምትቀራ ልጅ

እስቲ ንገረኝ አንባቢ፤ የአንዲት ልጅ መዳፍ ባዶ ይሁን ሙሉ የሚለየው በማን ጆሮ ነው? በአንተ? በጎረቤትህ? ወይስ አላህ የሚሰማው አንተ የሰማኸውን ብቻ ነው?

ፍራሽ ሰሪው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ጥጥ ሲያፍታታ ቢውል የማይሰለቸው ሰው፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ግን ክብሪት ነው ትላለች ሚስቱ። የሴት ልጁ ነገር ከተነሣ ደግሞ ክብሪቱ ቤንዚን ያገኛል።

ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እናቷ የምልክት ቋንቋውን ከእሷ እኩል ተማረች፤ አባትየውም መርፌ ባደነደናቸው ጣቶቹ እየተንተባተበ ተከተላቸው። የመኝታውን ዱዓ ያስጠኗት ሁለቱም ናቸው። ሌላው ሰው አጫጭሮቹን የቁርኣን ምዕራፎች፣ ሱራዎቹን፣ በአፉ ቀርቶ፣ መዳፉን ገጥሞ እፍ ይልበትና ከራሱ ጀምሮ ገላውን ያብሳል። የእሷ እጅ ግን ምላሷም ነውና ሁለቱን ባንዴ መሥራት አይችልም። መጀመሪያ በጣቶቿ ትቀራለች፤ የአላህን አንድነት፣ የንጋትን ጌታ፣ የሰዎችን ጌታ፣ በሰው ልብ ሹክ ከሚል ክፉ መጠበቅን። ከዚያ ጣቶቿን ታሳርፋለች፤ መዳፎቿን ገጥማ እፍ ትላለች፤ ፊቷንና ገላዋን ታብሳለች። አባቷ ደክሞት ሳይቀራ ጋደም ካለ በክርኗ ትጎስመዋለች። እሱም በየሱቁ ይኩራራባታል፤ ቤቴ ዘበኛ አለኝ፣ ደመወዝ አትጠይቅም፣ እንቅልፍም አትሰጥም ይላል።

ልጅቱ ቁርኣን የምትማርበት መድረሳ ለዓመቱ ሲዘጋ ልጆቹ ወላጅ ፊት የመኝታ ዱዓ እንዲያሰሙ ተወሰነ። አስተማሪው ኡስታዝ አባትየውን ወደ ጥግ ወሰደና ቀስ ብሎ ነገረው። እሷ ከመድረኩ ብትቀር ይሻላል። ከአንደበት ያልወጣ አልተቀራም፤ ልጅቱ እፍ የምትለው ባዶ መዳፍ ላይ ነው። ደግ ሰው ነውና ማካካሻም አዘጋጅቶላታል፤ ዱዓውን በወረቀት ይጽፍላታል፣ ከትራሷ ሥር ታኖረዋለች።

አላህ ያሳያችሁ! ለሌላው ልጅ ዱዓ፣ ለእሷ ወረቀት። ስድብ ቢሆን አባትየው መልስ አያጣም ነበር። እዝነት ለብሶ የመጣ ንቀት ግን በምን ይመለሳል? ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት የልጅቱን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር፤ መተኮሷን አላቆመችም።

«ትሄዳለች» አለችው።

በቀኑ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ ተራ በተራ ዱዓቸውን ቀሩ። አንዱ ግማሹን ዋጠው፣ አንዷ አልቅሳ ወረደች፤ ሁሉም ተመሰገኑ። የእሷ ስም አልተጠራም። እሷ ግን ድሮም ጥሪ ሰምታ አታውቅም፤ ከጎኗ ያለችው ልጅ ስትወርድ አይታ መድረኩ ላይ ወጣች።

ጣቶቿ ተነሡ። አልቸኮለችም፣ አንዲት ቃል አልዘለለችም። ከኋላ ያሉት ለማየት ብድግ ብድግ አሉ። መዳፎቿን ገጥማ እፍ ስትል፣ ፊት የተቀመጡት ሕፃናት ማንም ሳያዛቸው አብረዋት እፍ አሉ። አባቷ አንገቱ እንደ ሰጎን ረዝሞ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ጫማ ሰፊ «የእኔ ናት» አለው። ጫማ ሰፊው፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰለቸው ነግረኸናል ብሎ ሳቀበት።

ኡስታዙ ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን አነሣ። «ለእኅታችን አላህ ይዘንላት። አሁን ወደ ቂርኣቱ እንመለስ።»

አባትየው ተነሣ። ሌላ ጊዜ ኮቱን ጎትታ የምታስቀምጠው ሚስቱ፣ ዛሬ እንዲያልፍ ጉልበቷን ሰበሰበችለት።

«ከቂርኣቱ መቼ ወጣን ኡስታዝ? ልጄ ስትቀራ ነበር እኮ።»

ኡስታዙ ማይክራፎኑን ወደ ጎን አድርጎ፣ ከዝግጅቱ በኋላ ቢሮ ገብተን እንነጋገራለን አለው።

«ቢሮ አልገባም። ልጄን የዘለሏት ሰው ፊት ነው። ያንን መስማት የተሳነውን ልብስ ሰፊ እርስዎ ሲድሩት ምስክር ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ኒካሑን ተቀብያለሁ ያለው በእጁ ነው፤ እርስዎም ጸንቷል ብለው ዱዓ አደረጉለት። እነሆ ልጆች ወልዶበታል። የእሱ እጅ ሚስት ለማግባት ከበቃ፣ የልጄ እጅ ጌታዋን ጠብቀኝ ስትል በምን ባዶ ሆነ? ማይክራፎኑን ይመልሱት ወደ አፍዎ። እናቷ ታስተረጉምላታለች። እዚሁ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ እሷም እያየችዎ ይመልሱልኝ።»