ከአፍ ጋር ያልገጠመ ቃል

«የቱን እናሳልፍ? አሮጌውን ወይስ አዲሱን?» አለ ጆሮ።

የሟች ሚስት ሻይ ልትቀዳለት ያነሳችውን ፔርሙዝ እንደያዘች ቆመች። «የምን አዲስ?»

ጆሮ ባልና ሚስቱ ለውጭ ፊልም የአማርኛ ድምፅ ሲሰጡ የኖሩበት ስቱዲዮ ድምፅ ቀጂ ነው፤ በዚህ ቅጽል ስሙ ካልተጠራ ዞር ብሎም አያይም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ በለቀስተኛ ሲጨናነቅ ሰንብቶ ዛሬ ከሰዓት ጋብ ብሏል፤ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበር ላይ የቀሩት ጆሮና የባሏ እህት ብቻ ናቸው። ጆሮ የመጣው መልእክት ይዞ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ለሟች መታሰቢያ፣ ሟቹ በአማርኛ ድምፁን የሰጠበትን ፊልም በገና ዋዜማ ሊያሳይ አስቧል። ምርጫው የሷ ነው ተብሏል።

«ያው የገናው ፊልም ነዋ፤ እንደ አዲስ የተሠራው፣ እስካሁን ያልታየው።»

«እሱን ለወጣቶቹ ሰጡት እኮ! እኛን መች ጠሩንና?»

«አንቺ... አልፈልግም ብለሽ የለ እንዴ?»

«ማን ነው ያለው?»

ጆሮ የባሏን እህት አየ። የባሏ እህት ምንጣፉን አየች። በቃ፣ ማን እንዳለ ታወቀ፤ ባሏ ነው።

አምና ባሏ ከስቱዲዮ ፊቱን አጥቁሮ ገባና፣ «አርጅታችኋል ተባልን፤ አዲሱን ለልጆች ሰጡት» አላት። እሷ ጅሏ ደግሞ አፅናናችው! «የራሳቸው ጉዳይ! ያንተን ድምፅ ከየት ሊያመጡ ነው?» እያለች የስቱዲዮውን ሰው ሁሉ፣ ጆሮን ሳይቀር፣ ስትረግም ሰነበተች። ከዚያ ወገቡን አመመው። ከሰዓት ከሰዓት «ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ» እያለ ይወጣል፤ ሲመለስ እሷ በቅባት ታሸዋለች። ደህናውን ወገብ ስታሽ ከርማ የገዛ እጇ ዝሎ ነበር።

«ስቱዲዮ ነበራ» አለች አሁን፣ ፔርሙዙን አስቀምጣ። «ወገቤን፣ ወገቤን እያለ።»

«እንዳይከፋሽ ብሎ ነው» አለች የባሏ እህት። «ድምፅሽ ደከም ስላለ...»

«አንቺም ታውቂያለሽ?»

«ወንድሜ አይደል? እንዳትነግሪያት አለኝ፤ ምን ላድርግ?»

«ድምፄ ከደከመ ለኔ አይነግረኝም? ዕድሜ ልኬን ከሱ ጋር አንድ ማይክ ላይ ተንፍሼ፣ ለኔ ሲሆን ምላሱ ታሰረ?»

አንድ ማይክ ስትል የምሯን ነው። አሮጌውን ፊልም የሠሩ ጊዜ ስቱዲዮው የነበረው ማይክ አንድ ብቻ ስለሆነ ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተው ነበር የሚናገሩት፤ ያኔ ገና «አንቱ» ይባባሉ ነበር። ፊልሙ ለገና እቤቱ ለመድረስ የሚኳትን የባቡር ነጂ ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየው በሩን ከፍቶ ሚስቱን «እነሆ ደረስኩ» እንዲላት ተጽፏል። ጆሮ አስቆማቸው። «የሰውየው ከንፈር እኮ ጥርቅም ብሏል! "እ" ስትል ያንተ ይከፈታል። ከንፈር የሚያዘጋ ቃል አምጣ!» ደጋግመው ሞከሩ፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ ባሏ፣ ያኔ ባሏ ያልሆነው፣ ወረቀቱን ትቶ እሷን እያየ «መጣሁልሽ» አለ። ልክክ! እሷም ወረቀቷ ላይ የሌለውን «ምነው ቆየህ?» አለችው። ጆሮ ሳያቆማቸው ቀዳው።

ከተጋቡ በኋላ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶም ቢሆን፣ ሲመለስ በሩ ላይ «መጣሁልሽ» ይላል፤ እሷም ከጓዳ «ምነው ቆየህ?» ትለዋለች። ሲኳረፉ እንኳ ይቺን አያስቀሯትም። ብዙ የፍቅር ቃል የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ያለቻቸው ይቺ ነበረች።

«ክፈተው» አለችው ጆሮን። «አዲሱን ልየው።»

«ዛሬ ይቅርብሽ፣ እህቴ።»

«ክፈተው አልኩህ!»

ጆሮ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣና መጨረሻው ጋ ወሰደው። አሮጌው ፊልም ላይ በረዶው የተቀደደ ወረቀት መሆኑ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ሲያዩት ይበርዳል። እዚህኛው ላይ በረዶው የምር ነው፤ ቤቱ ግን መብራት በመብራት ሆኖ የሰርግ አዳራሽ መስሏል። ሙዚቃው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ድሮ ባቡር ነጂው በሩ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ትንሽ ቆይቶ ነበር የሚናገረው፤ ይሄኛው እየሮጠ ገባ። ድሮ ሚስትየው ካፖርቱን ሳትሰቅልለት አታቅፈውም፤ ይቺኛዋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰውየው አፉን በሰፊው ከፈተ። ከዚያ የባሏ ድምፅ መጣ።

«መጣሁልሽ!»

«ምነው ቆየህ?» አለች አንዲት ልጅ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

«አቁመው።» የሟች ሚስት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቀሰረች። «አይገጥምም።»

«አዎ፣ አይገጥምም።»

«አፉ ተከፍቷል። እዚህ ላይ ከንፈር የሚያዘጋ ምን አለ? ማን አስገደደው?»

ጆሮ ራሱን አከከ። «ጽሑፉ "አለሁ" ነው የሚለው፤ ልክክ ይል ነበር። ተጣላሁት። ይሄ ቃል ካልገባ አልሠራም አለኝ። ለልጅቷም መልሱን ያስጠናት እሱ ነው።»

«አየሽ!» አለች የባሏ እህት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «አንቺን አስቦ እኮ ነው!»

«እኔን አስቦ ሌላ ሴት "ምነው ቆየህ" ትበለው? ሥራውን ይውሰድ! ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሰምቻታለሁ። ቃሉ ግን የሥራ አልነበረም፣ የቤቴ ነበር። የቤቴን ቃል አውጥቶ ሰጠብኝ!» ድምጿ ተሰበረ። «ከዳኝ። ሞቶም ቢሆን እላለሁ፣ ከዳኝ።»

«ተይ፣ የሞተ ሰው አይወቀስም» አለች የባሏ እህት።

ጆሮ ስልኩን አወጣ። «እሺ፣ አሮጌውን እንበላቸው?»

«አዲሱን።»

«ምን?»

«አዲሱን አሳልፉ። የኔን ድምፅ ከሱ አጠገብ እንዳታስቀምጡት። እንዴት እንደማይገጥም አገር ሁሉ ይየው።»

ጆሮ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ ያዘችው። «አንዴ ድገመው» አለች፣ ቀስ ብላ።

መልሶ አጫወተው። በሩ ተከፈተ፤ ሰውየው ሮጦ ገባ፤ አፉን ከፈተ።

«መጣሁልሽ!»

እሷ ለመመለስ ትንፋሽ ሳበች። ልጅቷ ቀደመቻት። የሳበችውን ትንፋሽ ሳትለቅ፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ቆየች።