ለእማዬ እንዳታሳዩ

«ያን ከረባታም አውርዱልኝ!»

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ። ንፍሮ የሚያድለው የእድሩ ሰው እንኳ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። ደሳለች ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ጣቷን ወደ ምሰሶው ቀስራለች። እዚያ በጥቁር ጨርቅ በተከበበ ፍሬም ውስጥ ልጇ አቢ ሰማያዊ ከረባት አስሮ ፈገግ ብሏል።

«እታለም፣ ምን ነካሽ?» አለ ታናሽ ወንድሟ ቦጋለ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ። «የገዛ ልጅሽ እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው? ሰውማ ብሎ ጨርሷል! ከእኔ ከእናቱ በፊት አልቅሶ፣ ተናፍጦ፣ ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው። አውርደው አልኩህ!»

ቦጋለ አላወረደውም። ወደ ቦታው ተመልሶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሽማግሌ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» ሲል አንሾካሾከ። ሰማችው። ደሳለችን የከዳት ጉልበቷ ነው እንጂ ጆሮዋ የጎረቤት ድስት ሲንተከተክ ይሰማል።

ዕለቱ ዓርብ ነው። መርዶ ከተነገራት ሁለተኛ ቀኗ፣ ልጇ ከሞተ ግን ስድስተኛ ቀኑ። አንጀቷን የሚያሳርራትም በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው።

አቢ ሥራ ብሎ ከሄደበት ከጁባ ሳይመለስ፣ እሑድ ዕለት መኪና ተገልብጦ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። የሰፈሩ ልጆች ስልካቸው ላይ «የቁስቋም ልጆች» የሚሉት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ አገር የለቀቀውም፣ ሰፈር የቀረውም ፎቶውን የሚለጥፍበት። ሰኞ የአቢን ፎቶ ሻማ አብርተውበት ለጠፉት። እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። ቦጋለ ግን ቤት ለቤት ዞሮ፣ የደሳለች ሴት ልጅ ናዝሬት ከጅማ እስክትደርስ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቀ። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ እናት ብቻዋን ሆና አትረዳም። ይህን ደሳለችም ታውቃለች። ራሷ በዘመኗ የስንቱን በር በንጋት አንኳኩታ አርድታለች። በሥርዓቱ አልተቆጣችም።

የተቆጣችው በማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሳሙና ልትገዛ ወደ ሩቅያ ሱቅ ወረደች። ሩቅያ ከግድግዳዋ ወዲያ የምትኖር፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ናት። አንዷ ስትፆም ሌላዋ ምግብ ስትሸፍን፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ስታርስ የኖሩ ናቸው። ደሳለች ያለቻት ስልክ ከመደወልና ከማንሳት ሌላ የማታውቅ ባለ ቁልፍ ስለሆነች፣ የአቢን ፎቶ የምታየው ሁልጊዜ በሩቅያ ስልክ ነበር። ወር በወር አንድ ፎቶ። ሁልጊዜ ያው ከረባት።

ያን ቀን ሩቅያ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ትታ፣ ሳሙናውን ከላይኛው መደርደሪያ ልታወርድ በርጩማ ላይ ወጣች። ስልኩ በርቶ ነበር። አቢ አለበት፤ ዙሪያውን ሻማና አበባ፣ ከሥሩ ጽሑፍ።

ደሳለች ፊደል አልቆጠረችም። አፍራበትም አታውቅም፤ ያልተማረ ጭንቅላቷ ሁለት ልጅ አሳድጓል።

«ውይ የኔ ጌታ! ሻማም አብርተውለታል! ልደቱ ነው እንዴ?»

ሩቅያ ሳሙናውን እንደጨበጠች በርጩማው ላይ ቆማ ቀረች።

«አዎ…» አለች። «አዎ እትዬ ደሳለች፣ ልደቱ ነው።»

«እንዴ! እኔ የወለድኩት በክረምት አይደል? ጎርፉ በር እየመታ! በፈረንጅ ቆጥረውት ይሆናል፣ ምን ያውቃሉ እነሱ።» ስቃ ስልኩን አነሳችና ሳመችው። «በይ ጻፊልኝ። ዕድሜህ ይርዘም፣ አንተው ቅበረኝ በይልኝ። በይ እንጂ፣ ምን ያፈዝሻል?»

ሩቅያ ወርዳ ጻፈች። ስልኩ ሁለቴ ከእጇ አመለጣት። ደሳለችም አይታ «ስኳርሽ ወርዶ ይሆናል፣ ምሳ ብይ» ብላት ሳሙናዋን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሯ ሲንኳኳ፣ ሽማግሌዎቹንና የናዝሬትን ያበጠ ዓይን ስታይ ገባት። እዬዬ አላለችም። ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤

«ማክሰኞ!»

ረፋዱ ላይ ሩቅያ ምግብ ተሸክማ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ደሳለች ጮኸችባት፤ «ተመለሺ! ልደት የሚበላው እዚያ ሱቅሽ ነው!» ሩቅያ ሳህኖቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ደሳለችም ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። አልቃሾቹ ተሰለፉ፣ ደረት ተደቃ፣ ናዝሬት ራሷን ስታ ውሃ ተረጨባት። እሷ ግን እንደ ድንጋይ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ሁሉ ትቆጥራለች፦ ይሄኛው ያውቅ ነበር። ያችኛዋም ታውቅ ነበር። ረቡዕ ዕለት መንገድ ላይ አቅፋ ስማኛለች፣ አጭበርባሪ!

አሁን ደግሞ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች በነጠላቸው ተከልለው ያወራሉ።

«እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ! ያን የሚያክል የውሃ ቦቴ ለብቻው ሲነዳ…»

«ተይ፣ ዝም በይ! ትሰማለች።»

ደሳለች ቀስ ብላ ዞረች።

«ምን ሲነዳ?»

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ።

ባሏ እዚሁ ታች አስፋልቱ ዳር የጎሚስታ ሥራ ይሠራ ነበር። እስኪሞት ድረስ ጥፍሩ ነጭ ሆኖ አያውቅም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። ደሳለች በዚያ እጅ በልታለች፣ በዚያ እጅ ግን አፍራለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። አቢ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲነሳ ግን እንደ እሳት ነደደች። «እጅህ ጠቁሮ ደጄን እንዳትረግጥ! የጎሚስታ ሚስት ነበርኩ፣ ይበቃኛል፤ የሹፌር እናት አልባልም!» አለችው። አቢ በሦስተኛው ወር ጁባ ቢሮ አግኝቻለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ ከረባቱ መጣ። ደሳለችም በየሰው ለቅሶና ሠርግ «ልጄ ቢሮ ነው» ስትል ከረመች። ሰው ሁሉ «እሰይ» ይላታል።

«ናዝሬት!» አለች አሁን። «ሩቅያን ጥሪልኝ።»

«እማዬ፣ ተያት በቃ። ልትሰድቢያት ነው?»

«ጥሪያት! ስልኳን ይዛ ትምጣ።»

ሩቅያ ሻሿን አጥብቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ደሳለች ተቀመጪ አላለቻትም። እሷ ግን ራሷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«ምን ነበር ሥራው?» አለች ደሳለች።

ሩቅያ ቦጋለን አየችው። ቦጋለ እንዳትነግሪያት ሲል ራሱን ነቀነቀ።

«እሱን አትዪው! ያ ከረባት የማን ነው? እውነቱን ንገሪኝ!»

«የጓደኛው፣» አለች ሩቅያ። «አብሮት የሚኖር የሆቴል አስተናጋጅ አለ፣ የእሱ ነው። ለእርስዎ ፎቶ ሲነሳ ይዋሰው ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳል ይዞት ወጣ። ሩቅያ ስልኳን ከፈተችና ሰጠቻት። አቢ ቁመቱን የሚያክል ጎማ ተደግፎ። አቢ ከቦቴው ጣራ ላይ፣ ቱቦ ይዞ። አቢ ባልዲ የደረደሩ ሴቶች መካከል፣ ሸሚዙ በጭቃ ተለውሶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ እየሳቀ። ከረባት ባሰረባቸው ፎቶዎች ላይ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

«ከሥሩ ምንድን ነው የተጻፈው?»

«ይቅርብዎት እትዬ ደሳለች።»

«አንብቢ!»

«ለእማዬ እንዳታሳዩ፣ ይላል።»

«እዚህኛውስ?»

«እዚህም ለእማዬ እንዳታሳዩ ነው።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።» ሩቅያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አደራ ብሎን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ነው የጠበቀለት። ማክሰኞም እኔ… የመርዶው ባለቤት አይደለሁም እኮ። ምን ልበልዎት? ከሱቄ ባንኮኒ ላይ ሞቷል ልበልዎት?»

ደሳለች የሚስቀውን ፎቶ እንደገና አየችው። ሰፈሩ ሁሉ የፈራው እሷን ነው። ከሁሉ በፊት የፈራት ደግሞ አቢ ነው።

«የጻፍሽውስ?» አለች። «ያን አንተው ቅበረኝ ያልኩትን። ሰው ሁሉ አየው?»

«ግሩፑ ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ለራሱ ስልክ ላክሁት። ብቻውን።»

«ደረሰው?»

«ከጎኑ አንዲት ምልክት አለች፣ መላኩን የምታሳይ። ቢከፍተው ኖሮ ሁለት ትሆን ነበር። ላጥፋው?»

«አንቺ ማነሽና ነው የምታጠፊው? ቃሌ እኮ ነው! ተይው፣ እዚያው ይቀመጥ።»

ከዚያ ስልኩን ወደ ቦጋለ አዞረች። «ይህን አሳትመህ ነገ ለሳልስቱ ስቀልልኝ።»

«እታለም! በጭቃ የተለወሰ ፎቶ ድንኳን ውስጥ? ሹፌር መሆኑን ያላወቀው ሁሉ…»

«የሹፌር እናት ነኝ!» አለች፤ ድምፅዋ ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። «ያላወቀ ካለ ጥራልኝና እዚሁ ልንገረው! ያን የሰው ከረባት ለባለቤቱ መልሱለት!»

ቦጋለ ተነሥቶ ፍሬሙን ከምሰሶው ፈታ።

ደሳለች ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገችው። አቢ ይስቃል። ግራ ጉንጩ ላይ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወስዳ በምራቋ አራሰችው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ታደርግ እንደነበረው። ጉንጩን ጠረገችው። ፎቶው ከጣቷ ሥር ተንሸራቶ ሄደና ሌላ መጣ።

«የት ሄደብኝ?»

ሩቅያ ዝም ብላ እጇን ዘረጋችና መለሰችላት። ደሳለች የነጠላውን ጫፍ እንደገና አራሰች።