አሜን ሳይባል

ሸዋንግዛው «ባለ ክንፉ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አምስት ምዕራፍ ሙሉ በርሯል። ሲጀምር ሃምሳ ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሃምሳ ሰባት ሞላው፣ ወገቡም አልታዘዝ አለው፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍልም ደረሰ። በድርሰቱ መሠረት ባለ ክንፉ ኃይሉን ለልጁ አስረክቦ ይቀራል፤ የምትበረው እሷ ናት። ልጁን ሆና የምትጫወተው ሄራን ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሸዋንግዛው «ለስንብት አንዴ ብቻ ልብረር» ብሎ ዳይሬክተሩን ዳንኤልን ለምኖት ነበር።

«ጋሼ፣ ወገብዎስ?» አለው ዳንኤል። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸዋንግዛው ልጅቷን በፈገግታ ሰላም እያለ በሆዱ ይረግማት ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ቅናት ነው። የሽማግሌ ቅናት ደግሞ አያድርስ!

ቀረጻው ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ ግንባታው ባላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሄራን ጠርዙ ላይ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች። የሚያበርራት ገመድ ከራሷ በላይ ባለ መዘውር ዞሮ ወደ ጓሮ ይወርዳል፤ እዚያ ስምንት ጎረምሶች ይዘውታል። ጎረምሶቹ የሚበረውን ሰው አያዩትም። የመገናኛ ሬዲዮ ባልነበረበት በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ዘዴ ተፈጠረ፦ ሸዋንግዛው ይጸልያል፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሜን!» ሲል እነሱ ይስባሉ። ሬዲዮ ከተገዛ በኋላም አልተቀየረም፤ በጸሎት የተጀመረን ነገር ማን ደፍሮ ይሽረዋል?

ዛሬ ከታቦር ሰፈርም ከባህል አዳራሽ ሰፈርም የመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ዳንኤል እዚያው ፎቅ ላይ ከሄራን ኋላ ራቅ ብሎ ለቆመው ለሸዋንግዛው ማይክሮፎኑን አቀበለው።

«ጋሼ፣ ይባርኳት።»

«እንጸልይ» አለ ሸዋንግዛው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «አባት ሆይ፣ ስለዚህች ቀን እናመሰግንሃለን…» ልቡ ከጸሎቱ አልነበረም፤ ዓይኑን ገለጠ።

የሄራን መታጠቂያ ከገመዱ ጋር የሚያያዘው በሁለት መንጠቆ ነው፤ የቀኙ ገብቷል፣ የግራው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በአንዱ ብቻ ከተሳበች ተገልብጣ ከመታጠቂያው ትወጣለች፤ ከታች ደግሞ አስፋልት ነው። መንጠቆ የማስገባቱ ሥራ ከጎኗ የቆመው የገመድ ሠራተኛው የሮቢ ነበር። ሮቢ ግን «እንጸልይ» ሲባል ሥራውን በግማሽ ትቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

ሸዋንግዛው ሊጮህ አፉን ከፈተና መለሰው። የሐዋሳን ሕዝብ ያውቀዋል። ዝም ካለ ጸሎቱ አለቀ ብሎ «አሜን!» ይላል፤ ከጮኸ ደግሞ መንፈስ ወረደ ብሎ የባሰ «አሜን!» ይላል። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ትንፋሽ ሳያቋርጥ እየጸለየ መሄድ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«…ሮቢንም አስበው ጌታ ሆይ፣ ዓይኑን ክፈትለት…»

«አሜን» አለ ሮቢ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ይበልጥ ጨፍኖ። ከታች ሁለት ሦስት ሰዎች «አሜን» ብለው ተቀበሉት። ገመዱ ትንሽ ወጠር ብሎ ረገበ።

«…ስለ ሐይቁ እናመሰግንሃለን፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ አስጋሪዎቹ፣ ስለ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ስለ ዝናቡም…» አምስት እርምጃ ቀረው። የሚያመሰግንበት ነገር አለቀበት። ዝም ማለት አይችልም። ያኔ አፉ ሆዱ ውስጥ ያገኘውን አወጣ።

«…አንተ ልብን ታውቃለህ፣ እኔ ይህችን ልጅ ጠልቻታለሁ፣ ቦታዬን ወሰደችብኝ ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ገመዷ በተበጠሰ ብዬ ተመኝቻለሁ፣ እኔ ሽማግሌው፣ እንደ አባት የምታየኝን ልጅ…» በድምፅ ማጉያው ፒያሳ በሙሉ ሰማው። አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» አለች። የሄራን ትከሻ ሲሸማቀቅ አየው፤ ካለችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።

ደረሰ። ማይክሮፎኑን በአገጩና በደረቱ መሃል ይዞ አጎነበሰ፤ ወገቡ በቢላ እንደተወጋ ሆነ። «…ማረኝ፣ ጠብቃት፣ ማረኝ…» መንጠቆው አመለጠው። ደግሞ ሞከረ። ቀጭ አለ። ጎትቶ አየው፤ ይዟል።

ቀና አለ። አሁን ቃሉን ከተናገረ የምትበረው እሷ ናት፤ እሱ ዳግመኛ አይበርም።

«በኢየሱስ ስም!»

«አሜን!» ፒያሳ ተናጋ። ገመዱ ተወጠረ፣ ሄራንም ከእጁ ሥር ተነስታ በሕዝቡ ራስ ላይ በረረች። ሸዋንግዛው እንዲህ ያለውን በረራ ቆሞ አይቶ አያውቅም ነበር። አማረው፣ አፈረም፤ እንባውን መያዝ አቃተው።

ስትወርድ መታጠቂያዋን ሳትፈታ ደረጃውን ሮጣ ወጣችና ፊቱ ቆመች።

«ሰማሽኝ?» አላት።

«ሁሉንም ሰማሁ። ከኋላዬ ሲመጡ ሊገፉኝ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው አልሸሸሽ፣ ልጄ?»

ሄራን ግራ ገብቷት አየችው።

«እየጸለይን እኮ ነበር» አለችው።