የወግ እምቢታ

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ እኔ በቤቴ ደህና ነኝ» አሉ ብሪዲ። ይህን ብለው ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች የልጃቸው ሚስት ፈምከ። እጇን በፎጣ ጠረገችና የፖም ኬኩን ልታወጣ ወደ ኦቨኑ ዞረች።

ብሪዲ በተቀመጡበት ደርቀው ቀሩ። «ከጓሮ በኩል የሠራነው ክፍል አልቋል፤ ብርዱ ሳይገባ መጥተው ከእኛ ጋር ቢኖሩስ?» ነበር ያለቻቸው። ይህን ቃል ሲጠብቁ ከርመዋል። ባለፈው የካቲት ከጓሯቸው አዳልጧቸው ወድቀው፣ ፖስተኛው እስኪያገኛቸው ድረስ ዝናብ ላይ ከተጋደሙ ወዲህ፣ ብቻቸውን የሚያድሩበት ቤት ያስፈራቸው ጀምሯል። ፍርሃታቸውን ግን ለማንም አልተናገሩም።

በእሳቸው አገር፣ በምዕራብ አየርላንድ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ይባላል። እምቢ ሲሉት በዚያው የሚተው ጠያቂ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከልቡ አልጠየቀም። አንደኛው እምቢታ ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለክብር፤ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ ምን ይደረግ» ተብሎ ይገባል። ብሪዲ ያገቡትም እንደዚሁ ነው። ማርቲን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቴ እምቢ ተብሎ ለሦስተኛው ጥያቄ የመጣው እየሳቀ ነበር። ፈምከ ግን ሆላንዳዊት ናት።

«ኬክ ላቅርብልዎ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

ፈምከ ሳህኑን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። የኬኩ ሽታ ልብ ያጠፋ ነበር።

ልጃቸው ኮርማክ ወደ ገጠር ቤታቸው ሊያደርሳቸው መኪናውን ሲያስነሳ ብሪዲ ሆድ ብሷቸዋል። ጠይቄያለሁ ለማለት ያህል ነው የጠየቀችኝ፣ ባሏን ደስ ለማሰኘት፣ እያሉ ያብሰለስላሉ። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል።

«ፈምከ ነገረችኝ» አለ ኮርማክ ከከተማው ሲወጡ። «እንደማትመጪ አውቄው ነበር። ‹ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው› ስትይ እየሰማሁ አይደል ያደግኩት?»

«እኔ? መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?»

«በየገናው።»

ብሪዲ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። «ታዲያ ክፍሉን ምን ልታደርጉት ነው?»

«አንዲት ነርስ ልትከራየው ትፈልጋለች። ዛሬ ማታ መልስ እንሰጣታለን ብለናል።»

«መልካም ነው። ነርስ ንጹሕ ናት» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን መመለስ አልቻሉም። ትንሽ እንደሄዱ ፈነዱ። «ለመሆኑ ሚስትህ ሁለቴ መጠየቅ ያማታል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም ማለቴ አይደለም።»

«እማዬ!»

«አንዴ አንኳኩታ ሄደች ነው የምልህ! ለወጉ ጠየቀችኝ፣ ለወጉ መለስኩላት። አለቀ።»

ኮርማክ መኪናውን ከአንድ የከብት በረት አጠገብ አቆመ።

«ለወጉ? የክፍሉን መስኮት እኮ ከተሠራ በኋላ አስፈርሳዋለች። ተቀምጠሽ ውጭውን እንድታዪ ዝቅ ይበል ብላ። ‹እምቢ ቢሉኝስ?› እያለች ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው። ‹እስቲ እናቴን እኔ ልለምናት› ስላት ደግሞ ተቆጣችኝ።»

«ለምን ትቆጣለች?»

«‹እናትህ ሕፃን አይደሉም። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ደግሞ መነዝነዝ ውሸታም ብሎ መስደብ ነው› አለችኝ።»

ብሪዲ በመስኮቱ በኩል ዝናብ የሚወርድባቸውን ላሞች ያያሉ። ለካ በየእሑዱ ኬኩን የምትመልሰው ንፉግ ሆና አይደለም፤ ቃላቸውን አምና ነው። በዕድሜያቸው እምቢታቸውን ያመነላቸው ሰው አልነበረም፤ ማርቲን እንኳ አላመነም። እነሆ አሁን አንዲት ባዕድ አምናቸው ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው። አፈሩ።

«መኪናውን አዙር።»

«ምነው?»

«ቦርሳዬን ረስቻለሁ።»

ቦርሳው ጭናቸው ላይ ነበር። ኮርማክ አንዴ አየውና ምንም ሳይል አዞረ።

ፈምከ ዕቃ እያጠበች ደረሱ። ብሪዲ ከነዝናባቸው የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ፈምከ፣ ቅድም የጠየቅሽኝን እንደገና ጠይቂኝ።»

ፈምከ ግራ ገብቷት ባሏን አየችው። እሱ ጣሪያውን ያያል። «እማማ፣ እምቢ ብለውኛል እኮ።»

«ብያለሁ። አሁን ጠይቂኝ።»

ፈምከ ቧንቧውን ዘጋች። ፊቷ ቀላ። «መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ?» አለች ቀስ ብላ።

«ኧረ ምን በወጣሽ…» ብለው ጀመሩ ብሪዲ። ሰባ ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ ባለቤቱን አይጠብቅም። የፈምከ ዓይኖች ወዲያው ዝቅ ሲሉ አዩ፤ ይህችን እምቢታም ልታምን ነው። ብሪዲ የበሩን መቃን ጨበጥ አድርገው የቀረውን ዋጡት።

«እሺ» አሉ። «እመጣለሁ። ደስ ይለኛል።»

ኮርማክ ለነርሷ ሊደውል ስልኩን ይዞ ወጣ። ፈምከ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ እጇ በሳሙና ተነክሯል። ሌላ የምትለው ስላጣች ወደ መደርደሪያው ዞረች።

«ኬክስ ላቅርብልዎ?»

ብሪዲ እርጥብ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ሳቡ።

«አዎ» አሉ። «ትልቁን ቁራጭ።»