በሻሽ ጫፍ የተቋጠረችው ብልቃጥ

"አምጪው! በሻሽሽ ጫፍ የቋጠርሽውን አምጪ!"

ነዕማ የዓፊያን እጅ ለቀም አድርጋ ያዘች። አሶሳ ዞን፣ መንጌ አቅራቢያ በአንድ የወርቅ ጉድጓድ የሚሠሩት አራት ሴቶች ያጠቡትን ወርቅ ማታ እኩል ይካፈላሉ። የደበቀች ትባረራለች። ወርቁን የሚያኖሩት ደግሞ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ዓፊያ ሦስት ቀን ሙሉ ከዛፍ ኋላ ብልቃጥ ስታወጣ ታይታለች።

"ወላሂ የዓይን ጠብታ ነው። አለርጂ አለብኝ፤ ዓይኔን ይበላኛል።"

"መድኃኒት ከሆነ ምን ያስደብቅሻል?"

"እጄን ታጥቤ፣ ከአቧራው ርቄ ነው የማደርገው። እዚህ ጭቃ ላይ ላድርገው?"

"ታጠብኩ የምትለው ከጥፍሯ ወርቅ ስታራግፍ ነዋ!" አለች ሰዕዲያ ከጉድጓዱ ውስጥ። አራተኛዋም ሳቀች።

ዓፊያ አልሳቀችም። ከዚህ ከተባረረች ሌላ ጉድጓድ የሚቀበላት የለም፤ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል።

ነዕማ ብልቃጧን ከሻሹ ጫፍ ፈትታ ወደ ፀሐይ አንስታ አየቻት። ፈሳሽ ነው። ወርቅ ግን ፈሳሽ ውስጥም ይሰጥማል።

"እንግዲያው ለእኔም ጠብ አድርጊልኝ። ምግቡንም ውሃውንም እንካፈል የለ?"

የነዕማ ቀኝ ዓይን ቀልቷል፤ ጥጉ ላይ ቢጫ መግል ደርቋል። መድኃኒቱን የሸጠችላት የአሶሳዋ ፋርማሲስት ለዓፊያ የነገረቻት አጭር ነበር፦ ጫፉ ዓይንሽን አይንካ፤ ለማንም አታውሺ፤ ከተከፈተ አራት ሳምንት ካለፈው ጣይው።

"አላደርግልሽም።"

"ስስት ነው ወይስ ስርቆት?"

"የእኔ ማሳከክ ነው፤ ያንቺ መግል አለው። ይሄ ለሱ አይሆንም። ጫፉ ከነካሽ ደግሞ በሽታሽ ወደ እኔ ይመጣል። ጤና ኬላ ሄደሽ ታዪ።"

"ሰማችሁ? ሐኪም ሆነችላችሁ! ወይ ታደርጊልኛለሽ፣ ወይ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ።"

ዓፊያ ብልቃጧን ነጠቀቻት። የብልቃጧን አፍ በቢላ ቆርጣ በታጠበ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ ላይ እስከ መጨረሻው ገለበጠቻት። ገና ሳምንት ያልሞላው መድኃኒት ነበር። ሰዕዲያም ከጉድጓዱ ወጣች፤ ሦስቱም ገበቴው ላይ አጎነበሱ። ከውሃ በቀር የሚያብለጨልጭ ነገር የለም።

ነዕማ ባዶዋን ብልቃጥ ተቀብላ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ነቀነቀቻት፤ ደግማም ነቀነቀቻት። ከዚያ መለሰችላት።

የዓፊያ ዓይን ማሳከክ ጀምሯል። ልታሸው ያነሳችውን እጇን መለሰችና አካፋዋን ያዘች።

"ነገ አሶሳ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ" አለች። "ከእንግዲህ እዚሁ ፊታችሁ ነው የማደርገው። ግን አላውስም።"

ወደ ጉድጓዱ ወረደች።